ቦርጭ የሌለው ሁሉ ነጻ አይደለም፦ ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ለዞረው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ አምስት ጊዜ ተላከልኝ። እህቴ ላከችው። የሥራ ባልደረባዬ ላከው። የዕቁባችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። ከዋሽንግተን የአጎቴ ልጅ ላከችው። አምስተኛውን ማን እንደላከው እንኳ ረስቻለሁ። ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። እኔ የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ጽሑፉን አንብበው ባንኮኒዬ ላይ የሚደገፉ ሰዎች በረከቱብኝና ዝም ማለት አቃተኝ።

ጸሐፊውን እንዳላማ መጀመሪያ ያሉትን ላስቀምጥ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ከሥሩ የሜታቦሊዝም በሽታ ነው ይላሉ፤ ሰውነት ስኳርና ስብን የሚያስተናግድበት መንገድ ሲበላሽ የሚመጣ። ካንሰር የሚኖረው በስኳር ስለሆነ እንጀራና ዳቦ ትቶ ሥጋና ቅቤ የበላ ሰው ካንሰሩን በረሃብ ይገድለዋል። ወገቡ ቀጭን፣ ስኳሩ ልክ የሆነ ሰው ምርመራ ምን ያደርግለታል? ለስኳር ሕመምተኛ የሚሰጠው ኢንሱሊንም ራሱ ካንሰር ያመጣል። በመጨረሻም እኛ ኢትዮጵያውያን በጤፍና በጾም የተጠበቅን ነን፤ በሽታው የፈረንጅ ነው። ያሉት ይህንን ነው። የጨመርኩት የለም።

ከሚያስማማን ልጀምር። ቦርጭና የአንጀት ካንሰር ይገናኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ያለውን ማስረጃ ገምግሞ፣ ከመጠን ያለፈ የሰውነት ስብ በ13 ዓይነት ካንሰሮች የመያዝ ዕድልን እንደሚጨምር ደምድሟል። አንዱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። መንገዱም በከፊል ይታወቃል። ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚጠራቀም ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ አይደለም። ሰውነት ለኢንሱሊን ጆሮ ዳባ ልበስ እንዲል ያደርገዋል። ያን ጊዜ ቆሽት፣ እንደማይሰማ ልጅ ላይ እንደሚጮህ ወላጅ፣ ኢንሱሊኑን አብዝቶ ይለቃል። ኢንሱሊን ደግሞ ሥራው ስኳርን ወደ ሕዋስ ማስገባት ብቻ አይደለም። «እደጉ፣ ተባዙ» የሚል መልእክትም አለው። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ የሚታደስ ነውና ይህን መልእክት የሚቀበል ብዙ ሕዋስ አለው።

ቁጥርም አለ። በደቡብ ኮሪያ ወደ 9.8 ሚሊዮን ሰዎችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል። ጥናቱ የተመለከተው አምስት ነገር ነው፦ የወገብ ስፋት፣ የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ እና «ጥሩው» ኮለስትሮል። ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱ የተዛቡባቸው ሰዎች ከ50 ዓመታቸው በፊት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ20 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ ጸሐፊው ሰዎችን ወገባችሁን ለኩ ማለታቸው ደግ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ለእኛ የሚመከረው ወሰን ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው።

ግን 20 ከመቶ ማለት ምን ማለት ነው? ለምሳሌ ያህል አንድ በሽታ ከ1,000 ሰው 10ሩን የሚይዝ ቢሆን፣ ዕድሉ በ20 ከመቶ ሲጨምር 12 ይሆናል። ከእነዚህ 12 ሰዎች 10ሩ ወገባቸው እንደ ዘንግ ቢሆንም ይያዙ ነበር። ጸሐፊው ሁለቱን ሰዎች አይተው ስለ አሥራ ሁለቱም ፈረዱ። አደጋውን የሚጨምር ነገር አለ ከማለት ተነስተው ሥሩ ይኸው ነው ወደ ማለት ዘለሉ። የቀሩት ስሕተቶች ሁሉ የመጡት ከዚህች ዝላይ ነው።

ስኳሩን እንይ። ጸሐፊው ጀርመናዊውን ኦቶ ዋርበርግን ይጠሩና፣ ካንሰር በስኳር እንደሚኖር አረጋግጦ ኖቤል ተሸለመ ይላሉ። ዋርበርግ እ.ኤ.አ. በ1931 ኖቤል ማግኘቱ እውነት ነው። የተሸለመው ግን ሕዋስ በኦክስጅን ሲተነፍስ የሚሠራውን ኢንዛይም ምንነት ስላወቀ ነው። ስለ ካንሰር ያስተዋለው ሌላ ነገር ነበር። የካንሰር ሕዋሳት ኦክስጅን እያለላቸውም ስኳርን በብዛት እንደሚያብላሉ በ1920ዎቹ አየ። ይህ ዛሬም ይጠቅማል። ፔት ስካን የሚባለው ምርመራ የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ጥቂት ጨረር የተያያዘበት ስኳር በደም ይሰጥና ዕጢው ሲሰበስበው በምስል ይታያል።

ታዲያ ስኳር ብንተው ካንሰሩ አይራብም? አይራብም። ደማችን ውስጥ ያለው ስኳር ከሻያችን ብቻ የመጣ አይደለማ። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት ስምንት ሰዓት ላይ ደሟ ቢመረመር ስኳር ይገኝበታል። ጉበት መጀመሪያ ያጠራቀመውን ያወጣል፤ ሲያልቅበት ደግሞ ከፕሮቲንና ከስብ ተረፈ ምርት ራሱ ይሠራል። እንዲያ ባያደርግ አንጎላችን ይጨልም ነበር። ለአንጎል የደረሰው ስኳር ለዕጢውም ይደርሳል። ደሙ አንድ ነው። ካንሰር እንደሁ መራጭ አይደለም፤ ግሉታሚን የሚባለውን አሚኖ አሲድም ያነድዳል። በረሃቡ ቀድሞ የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው። በኬሞ፣ ማለትም በካንሰር መድኃኒት ሕክምና ላይ ያለ ሰው ጡንቻው ሲያልቅ ሕክምናውን መቋቋም ያቅተዋል።

ይህን ስል ለስላሳውን በሳጥን አስገቡ ማለቴ አይደለም። ጣፋጭ መጠጥ መቀነስ ጥሩ ነው፤ ለወገብም፣ ለጉበትም፣ ለጥርስም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቡ ሥጋው ላይ ነው። እንጀራ ተው፣ ሥጋ እንደ ልብ ብላ የሚል ምክር ለአንጀት ተብሎ ሲሰጥ ስሰማ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ያው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ሞርታዴላና ቋሊማ ያሉ በፋብሪካ የተዘጋጁ ሥጋዎችን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁን አንጀት ካንሰር ዕድል በ18 ከመቶ እንደሚጨምርም አስልቷል። ቀይ ሥጋውን ደግሞ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ከሚታመንባቸው ጎራ አስቀምጦታል። ቁርጥ በበዓል አትብሉ የሚል የለም። ለአንጀት ጤና ብሎ በየቀኑ መብላት ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ለዚህ የምወደው ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። በፒትስበርግ የሚኖሩ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል ገጠር የሚኖሩ 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ ባቄላና በቆሎ የበዛበት፣ ፋይበር ወይም አሰር የሞላበት የገጠር ምግብ በሉ። ገጠሬዎቹ ሥጋና ስብ የበዛበት፣ አሰር ያነሰበት የአሜሪካ ምግብ ቀረበላቸው። ከዚያ በፊትና በኋላ አንጀታቸው በኮሎኖስኮፒ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ታየ። ሁለት ሳምንት ብቻ! የአሜሪካውያኑ አንጀት መቆጣቱ ረገበ፤ የሕዋሳቱ መባዛትም ቀነሰ። በገጠሬዎቹ ላይ ተቃራኒው ታየ። ነገሩ ያለው ባክቴሪያዎቹ ዘንድ ነው። አሰሩን ሲያብላሉ ቡቲሬት የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራሉ፤ የአንጀት ሽፋን ቀለቡ እሱ ነው። አሰር ሲጠፋ ቡቲሬቱም ይጎድላል። እርግጥ ሙከራው ካንሰር አልቆጠረም፤ በሁለት ሳምንት ካንሰር አይቆጠርም። የቆጠረው ወደ ካንሰር የሚያደሉ ምልክቶችን ነው። ቢሆንም ሽሮና ምስር ትታችሁ ቅቤ ብሉ ብሎ የሚመክር ሰው ይህን ሙከራ ሳያነሳ ማለፉ ይገርመኛል።

በሽታው ከያዘ በኋላስ? ጸሐፊው አመጋገብና እንቅስቃሴ ኬሞን ይተካሉ የሚል ነገር ጣል አድርገው አልፈዋል። እዚህም ግማሽ እውነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ውጤቱ የወጣ፣ 889 የአንጀት ካንሰር ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት ነበር። ግማሾቹ በአሠልጣኝ የሚመራ የሦስት ዓመት የአካል እንቅስቃሴ ተመደበላቸው፤ ሌሎቹ የምክር ጽሑፍ ብቻ ተሰጣቸው። ከስምንት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከእንቅስቃሴው ቡድን 90 ከመቶ፣ ከሌላው 83 ከመቶ ገደማ ናቸው። አንዳንድ መድኃኒት ይህን ያህል አያደርግም። ደስ ይላል። ግን እነዚህ ሰዎች መራመድ የጀመሩት በቀዶ ሕክምና ዕጢው ወጥቶ፣ ኬሞውን ጨርሰው ነው። የሕክምናው ተከታይ ነበር። ምትኩ አልነበረም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ቀጭን ሰው ምርመራ አያስፈልገውም የተባለው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ሰዎችን በክብደት ብቻ ሳይሆን በኢንሱሊናቸው መጠንም ለያይቷል። ክብደታቸው ልክ ሆኖ ኢንሱሊናቸው ከፍ ያለ ሰዎች፣ ሁለቱም ልክ ከሆነላቸው ይበልጥ በካንሰሩ ተይዘው ተገኙ። ወፈር ብለው ኢንሱሊናቸው ዝቅ ያለው ደግሞ የተለየ አደጋ አልታየባቸውም። በአንድ በኩል ይህ ለጸሐፊው ይመሰክራል፤ ሜታቦሊዝም ከሚዛኑ ቁጥር ይበልጥ ይናገራል። በሌላ በኩል መስታወት ፊት ቆሞ ሆድን አይቶ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ማለትን ውድቅ ያደርገዋል።

ሁሉም ነገር ልክ ሆኖስ? ተዋናዩን ቻድዊክ ቦዝማንን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሦስተኛ ደረጃ የደረሰ የአንጀት ካንሰር ተገኘበት። እየታከመ በጡንቻው ጀግና ሆኖ ፊልም ይሠራ ነበር። በ2020 በ43 ዓመቱ አረፈ። የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም፤ አውቃለሁ። ቀጭን ሰው አይያዝም ለሚል ግን አንድ ሰው ይበቃዋል።

የዘር ነገርም አለ። ሊንች ሲንድረም የሚባል በቤተሰብ የሚወርድ ችግር ከ100 የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማን በሦስቱ ገደማ ላይ ይገኛል። እነዚህ ሰዎች ስኳር አልበሉም፣ ቦርጭ አላወጡም ብሎ ካንሰሩ አይምራቸውም። አባቱ ወይም እህቱ በዚህ ካንሰር የተያዙበት ሰው ከሌላው ቀድሞ፣ ብዙ ጊዜ በ40 ዓመቱ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ምርመራ እንዲጀምር ይመከራል። ጽሑፉ ውስጥ ስለ ቤተሰብ አንድ መስመር የለም። ስለ ዕድሜም የለም። አሜሪካ ምንም ሕመም የማይሰማው ሰው መመርመር የሚጀምርበትን ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 ስታወርድ ወፍራም፣ ቀጭን ብላ አልለየችም። ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕ ከምትባል ትንሽ እብጠት ይነሳል። ወደ ካንሰር እስክትለወጥ አሥር ዓመት ገደማ ትፈጃለች። በኮሎኖስኮፒ ስትገኝ እዚያው ተቆርጣ ትወጣለች፤ ታሪኩ አለቀ። ዋሽንግተን ያለችው የአጎቴ ልጅ 47 ዓመቷ ነው። ጽሑፉን ስትልክልኝ «ተመርመሪ የሚል ደብዳቤ መጥቶልኝ ነበር፣ አሁን ተገላገልኩ» ብላ ጽፋበታለች። እኔስ አልተገላገልኩም፤ ደውዬ ተጨቃጨቅን።

የቀጭን ሰው ነገር ሌላም ወጥመድ አለው። ይህ ካንሰር ሲገፋ ያከሳል። ጽሑፉን አንብቦ እንጀራ የተወ ሰው ቦርጩ ሲጠፋ ምግቡ ሠራልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ምናልባት ሠርቶለት ይሆናል። ሳያስበው ሱሪው የሰፋበት፣ ደሙ ያነሰበት፣ የሽንት ቤት ልማዱ የተለወጠበት ሰው ግን በደስታው አይቸኩል።

ኢንሱሊኑ ላይ አጭር እሆናለሁ፤ አጭር የምሆነው ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚያናድደኝ ነው። ባለፈው ረቡዕ አንዲት እናት መጡ። ለዓመታት ኢንሱሊናቸውን ከእኛ ነው የሚወስዱት። «ልጄ፣ መርፌው ይቅርብኝ፤ ካንሰር ያመጣል አሉ» አሉኝ። ቦርሳቸው ውስጥ ካለፈው ወር ያልተነካ ብልቃጥ ነበር። «ማን አለዎት እማማ?» አልኳቸው። «ልጄ አነበበልኝ።»

ሰውነት ለኢንሱሊን አልሰማ ሲል በደም ውስጥ ለዓመታት የሚትረፈረፈው ኢንሱሊንና ሐኪም በልክ ያዘዘው መርፌ አንድ አይደሉም። ጥርጣሬው ሳይንቲስቶችም ዘንድ ነበር፤ ጸሐፊው ከሜዳ አላመጡትም። ስለዚህ ተፈተነ። ከ12,500 በላይ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ግላርጂን የተባለውን ኢንሱሊን ሲወጉ፣ ሌሎቹ በተለመደው ሕክምና ቀጠሉ። ስድስት ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፤ በካንሰር በኩል በሁለቱ መካከል ልዩነት አልነበረም። ኢንሱሊኑን ያቋረጠ ሰው ግን፣ በተለይ ቆሽቱ ጨርሶ ኢንሱሊን የማያመርት ከሆነ፣ ደሙ በቀናት ውስጥ አሲድ ሊሞላ ይችላል። የሚገድለው እሱ ነው፤ ለዚያውም በሳምንት ውስጥ። እማማን ለማሳመን ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ልጃቸውን በስልክ አገናኝተውኝ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ሌላ ሃያ ደቂቃ።

በሽታው የፈረንጅ ነው የተባለውስ? ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ሳይላጥ እንዳለ ይፈጫል፤ አሰሩ አብሮት ይቀራል። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ቆሎው ለአንጀት ወዳጅ ነው። ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ፤ ምንም እንኳ ሁለት አንቀጽ ቀደም ብለው እንጀራን ተዉ ያሉት ራሳቸው ቢሆኑም። ግን የምንበላው የአያቶቻችንን ምግብ ነው? በአዲስ አበባ ጾም የጾም ኬክ፣ ችፕስ፣ ዘይት ያንጠባጠበ ሳምቡሳና ለስላሳ ሆኗል። እንጀራውም ሩዝ ይቀላቀልበታል።

ዘራችንም አይከላከልልንም። እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1991 ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በሽታው አሻቀበ። ቆይተው የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከሌላው እስራኤላዊ በለጋ ዕድሜና በቀነሰ ክብደት ይይዛቸዋል። ያው የኛው ሰው፣ ያው የኛው ደም ነው። የተለወጠው ምግቡና ኑሮው ነው። ይህ ስለ ስኳር በሽታ እንጂ ስለ ካንሰር አይደለም፤ ነገር ግን ሜታቦሊዝም የሁሉም ሥር ነው ብለው የጻፉት እሳቸው ናቸውና በራሳቸው ሚዛን ይመዘኑ። ደግሞ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይሠራል። በወንዶች ላይ ከሚበዙት ካንሰሮች ግንባር ቀደም ሆነው ከሚታዩት አንዱ ይኸው የፈረንጅ የተባለው ነው።

የእኛ አገር ችግር ሌላ ነው። ደም ሲታይ ሁሉም ኪንታሮት ነው። ሆድ ሲያጉረመርም ሁሉም አሜባ ነው። ብዙውን ጊዜ ኪንታሮት ነው፤ ብዙውን ጊዜ አሜባ ነው። ለዚህ ነው የሚያዘናጋን። ኮሎኖስኮፒውም በየሠፈሩ አይገኝም፤ ዋጋውም ኪስ ይጎዳል። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ እኔም ለአምስት ሰው እልክላቸው ነበር።

ትናንት ማታ ልንዘጋ ስንል አንድ ሰው ገባ። የታክሲ ሹፌር ነው፤ አርባ አልሞላውም። ቀጭን፣ ረጅም። የኪንታሮት ቅባት ጠየቀኝ። ከሁለት ወር ወዲህ ይህ አራተኛው ነው። «ደሙ አልቆመም እንዴ?» አልኩት።

«ይቆማል፣ ይመጣል። ቁጭ ብዬ ስለምውል ነው።»

«ወንድሜ፣ ይህ መታየት አለበት። ከስተሃል ደግሞ።»

ሳቀ። ስልኩን አወጣና ያንን ጽሑፍ አሳየኝ። «ቦርጭ የለኝም እኮ። ስኳሬንም ባለፈው ተለክቼ ነበር፣ ልክ ነው።»

ቅባቱን አልሸጥኩለትም። በደረሰኝ ጀርባ ላይ ኮሎኖስኮፒ ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ለሐኪሙ የሚነግረውን፦ ሁለት ወር፣ ደም፣ ክብደት መቀነስ። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ፤ አመሰገነኝ። በሩን ስቆልፍ ከመንገዱ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት ትንሽ ፌስታል ይዞ ሲወጣ አየሁት።